ደወሉ ዝም ያለ ሰሞን

ባፈና ከደብረ ብርሃን ጓዟን ጠቅልላ የገባችበት ክረምትና የማርያም ደወል የወደቀበት ክረምት አንድ ሆነው ተገኙ። ሰው ደግሞ ሁለት ነገር በአንድ ሰሞን ከሆነለት ሳያጋባ አያድርም። ነገሩ የንጉሡ የኢዮቤልዩ በዓል ባለፈ በዓመቱ ነው።

ከጎረቤላ ቁልቁል ወርዳችሁ ገደሉ አፋፍ ላይ የምታገኟት ደብር የብረት ደወል የላትም። ያላት ድንጋይ ነው። ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ እንደ ሳንቃ የሳሳ ድንጋይ። ከወይራው ቅርንጫፍ በሁለት ጠፍር ተንጠልጥሎ በጠጠር ሲመታ ግን፣ እንግዳ ሰው ከሆናችሁ ቆም ብላችሁ ዙሪያችሁን ታያላችሁ እንጂ ድንጋይ ነው ብላችሁ አትጠረጥሩም። ማዶ ያለው ገበሬ ሳይቀር የቅዳሴውን ሰዓት የሚያውቀው በእሱ ነው። ማን አመጣው፣ ከየት ተፈለጠ፣ የሚያውቅ የለም። የጠየቀም የለም።

አይ፣ የለምስ አይባልም፤ ባፈና ጠይቃለች። ልጅ ሳለች፣ «እማዬ፣ ሌላው ድንጋይ ዝም ሲል ይሄኛው ለምን ይጮሃል?» ብላ በቅዳሴ መሃል ጠይቃ እናቷ ጭኗን ቆንጥጣታለች። የቁንጥጫው ሕመም በሳምንቱ ለቀቃት፣ ጥያቄው ግን አለቀቃትም። እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች፤ መልስ ካላገኘች ምግብ አይወርድላትም።

ከዚያ ተዳረች፣ ባሏ በወባ ሞተ፣ እሷም ወደ ደብረ ብርሃን ወጥታ ጠጅ ቤት ከፈተች። የጠጅ ቤት ሴት ኑሮ ያው ነው፤ ሰዉ ጠጇን ይጠጣል፣ ሲወጣ ደግሞ እሷኑ ያማል። ባፈና ሐሜቱን ከቁብ አልቆጠረችውም። ጠጇ የተወደደላት ሴት ነበረች፣ ምክንያቱም የኮመጠጠባት ቀን ጎረቤቶቿ «ዓይን ነው» ብለው ሲያለቅሱ እሷ ጌሾውን ትለውጣለች፤ ካልሆነ ውሃውን፤ ካልሆነ ጋኑን። አንዴ አንዱን ብቻ ነው የምትለውጠው። ሁሉንም ባንድ ላይ ከለወጠች የትኛው እንዳበላሸባት በምን ታውቀዋለች?

እናቷ ስትሞት ግን ባፈና አልደረሰችም። መርዶው የደረሳት ከተቀበረች በኋላ ነው፤ ይሄ ሆዷ ውስጥ ቀረ። ዕድሜዋ ሲገፋ ጠጅ ቤቱን ሸጠች፣ ጥቂት ብርሌዎቿን በጭድ ጠቅልላ፣ እህቷ እናናየሁ ዘንድ መጥታ ተጠጋች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሴቶቹን የማርያም ማኅበር ገብታ፣ እንደ ሰው ጠጥታ አጠጥታ፣ ቀኗ ሲደርስ ከእናቷ አጠገብ መቀበር። በዚያ አገር ማኅበር የሌለው ሰው ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢሞት የሚሸኘው አያገኝም።

እሷ በገባች በሳምንቱ የደወሉ ጠፍር በዝናብ በስብሶ ተበጠሰና ድንጋዩ ዱብ አለ። እግዜር ሲያወጣው አልተሰበረም። ባፈና ለደብሩ የምትሰጠው ነገር ስላገኘች ደስ አላት። ደብረ ብርሃን ሳለች ከጣልያን ካሚዮን የተፈታ መጎተቻ ሰንሰለት ገዝታ ነበር፤ የጋኖቹን ቤት ትቆልፍበት የነበረውን። ያንን ተሸክማ ለቄሰ ገበዝ ገብረ ጻድቅ ሰጠች። ቄሰ ገበዝ ማለት የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቀው ቄስ ነው። «ለእናቴ ነፍስ ይሁንልኝ» አለችው።

ገብረ ጻድቅ ሰንሰለቱን በእጁ መዘነና መረቃት። ደህና ሰው ነው፣ ትንሽ ኩራት አለበት እንጂ። ሰንሰለቱን ለሁለት አስቆርጦ፣ ዳግመኛ እንዳይወድቅ ብሎ የድንጋዩን ሁለት ጫፎች ጥምጥም አድርጎ አስሮ፣ ለመስከረም ሃያ አንዱ የማርያም በዓል በዋዜማው በገዛ እጁ ሰቀለው። በነጋታው ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ ሳለ ጠጠሩን አንስቶ መታው።

ድንጋዩ «ጥፍ» አለ። እርጥብ ማገዶ የመቱት ያህል ነው። ገብረ ጻድቅ ደግሞ መታው፤ ያው ነው። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ፣ ከዚያም ዓይኖቹ ቀስ እያሉ ወደ ባፈና ዞሩ።

መጀመሪያ የተናገረችው አልታየች ናት። አልታየች የሴቶቹን ማኅበር የምትመራ፣ ከባፈና ጋር ውሃ እየቀዳች ያደገች ሴት ነች። ክፉ ሆና አይደለም፤ የምታምነውን ነው የተናገረችው። «ማርያም ስጦታውን አልወደደችውም። የጠጅ ቤት ብር ነው፤ ስንት ሰው ተሰዳድቦበታል» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባፈናን መንገድ ላይ ብታገኛትም አታናግራትም። ሌሎቹም እሷን አይተው ሰላምታቸውን አሳጠሩ።

ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ቆረጡ። ለኅዳር ጽዮን ሰንሰለቱ ይወርዳል፣ ለሰጪዋ በሕዝብ ፊት ይመለስላታል፣ ደወሉ እንደ ድሮው በጠፍር ይሰቀላል። የማኅበሩም ነገር ያበቃል ማለት ነው፤ ማርያም ስጦታዋን የመለሰችባትን ሴት ማን ጽዋ ያቀምሳታል?

«ዝም በይ፣ ይረሱታል» አለቻት እናናየሁ፣ ምስር እየለቀመች።

«ድንጋዩ ለምን ዝም አለ?»

«አሁን እሱ ምን ይሠራልሻል?»

«ማወቅ ነዋ። የእኔ ኃጢአት ከሆነ ልወቀው፤ ካልሆነም ልወቀው።»

እውነቱን ለመናገር ባፈና ፈርታ ነበር። ምናልባት አልታየች ልክ ብትሆንስ? ጠጅ ቤት ውስጥ የሆነውን ሁሉ የምታውቀው እሷ ነች፣ ሁሉም ደስ አይልም። ግን ደግሞ ባወቀችው መንገድ አሰበችው፤ ጠጁ ሲኮመጥጥ ምን ተለወጠ ብላ ነው የምትጠይቀው፣ ማን አጠፋ ብላ አይደለም። ደወሉ ላይ ምን ተለወጠ? ጠፍሩ ሄደ፣ ሰንሰለት መጣ። ድንጋዩም ወድቆ ነበር። ሌላስ?

በማግስቱ ጠጠር ይዛ ወደ ገደሉ ወረደች። ወንዙ ዳር ከአፋፉ የተፈለጡ ጥቁር ድንጋዮች ተቆልለዋል፤ እነሱን አንድ ባንድ መምታት ጀመረች። ጥፍ። ጥፍ። ጥፍ። እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች አይተዋት ሮጠው ወጡና ባፈና አበደች ብለው አወሩ። ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ወልደአረጋይ ሊመክሯት ወረዱ። መሪጌታ ደብሩን በዜማ የሚመሩ፣ ትርጓሜ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ደካማ ነው፣ ቁልቁለቱን እያማረሩ ነው የወረዱት።

«አንቺ ባፈና፣ ምን እየሆንሽ ነው? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ብሎ ጨርሷል መሪጌታ። እኔ የምጠይቀው ድንጋዩን ነው።»

«ድንጋይ ይጠየቃል?»

«እርስዎ ትርጓሜ ሲያስተምሩ ‹ምነው ቢሉ› እያሉ አይደለም? አጥር ስር ቁጭ ብዬ እሰማዎታለሁ። ገጹ በተገለጠ ቁጥር ምነው ቢሉ፣ ምነው ቢሉ። እኔ አንዴ ምነው ብል ኃጢአት ሆነ?»

መሪጌታ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «የእኛ ምነው ቢሉ መልሱን አባቶች አስቀምጠውልናል» አሉ።

«የዚህስ?»

«የዚህማ…» ብለው ጀመሩ። ደወሉን ሲሰሙ ኖረው፣ ሲያስመቱ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ ስለሱ ጠይቀው እንደማያውቁ ያን ጊዜ ታወቃቸው፤ ደንገጥም አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጠጠር አነሱና አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ ኳ አደረጉት። «ይቺ አልረባችም» አሉና ወደሚቀጥለው ሄዱ። ምክሩ በዚያው ተረሳ።

ሊመሽ ሲል አንዲት ሳሳ ያለች ድንጋይ ተገኘች። ሁለት ድንጋዮች ላይ ጋደም ብላ ሳለ ባፈና ብትመታት ጥርት ብላ ጮኸች። ባፈናም መሪጌታም እጃቸው ባለበት ቀረ። የማርያም ደወል ልጅ ናት ቢባል የሚታመን ድምፅ ነው። እያጋዙ ተሸክመው ወጡና እናናየሁ ግቢ፣ የጽዱ ዛፍ ሥር አስቀመጧት።

መሪጌታ ሲያስቡት አምሽተው በማግስቱ ሐሳብ ይዘው መጡ። «ብረት ነው የማይስማማው፤ ብረትና ድንጋይ ጠበኛ ናቸው» አሉ።

«እንየዋ» አለች ባፈና። የእናናየሁን የጭነት ገመድ አምጥታ ድንጋይዋን ልክ ገብረ ጻድቅ እንዳሰረው ሁለት ጫፎቿን ጥምጥም አድርጋ አሰረችና ከጽዱ አንጠለጠለቻት። መታቻት። ጥፍ።

ባፈና ሳቋ መጣ፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። ገመዱ ብረት አይደለም። በጠጅ ብርም አልተገዛም፣ እናናየሁ ራሷ የፈተለችው የቃጫ ገመድ ነው። እህቷን በስሟ ጠርታ፣ «እናናየሁ፣ አንቺም ኃጢአተኛ ነሽ ማለት ነው» አለቻት። እናናየሁ ከደጅ ቆማ ፊቷን አጠቆረች፤ ቀልዱ አልጣማትም።

«ታዲያ ወንዙ ዳር ለምን ጮኸች?» አሉ መሪጌታ። አሁን ጠያቂው እሳቸው ሆነዋል።

ያንን ባፈናም አላወቀችም። ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይዋን አወረደች ሰቀለች፤ ገመዱን አላላች አጠበቀች፤ አንዱን ጫፍ ብቻ አስራ ሞከረች። ምንም። በሦስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጣ እጇን ለማፍታታት ያህል ብርሌዎቿን ከጭዱ አውጥታ ማጠብ ጀመረች። አንዱን ሆዱን ይዛ ከሌላው ጋር ብታጋጨው ድምፁ ታፈነ። አንገቱን ይዛ ብታጋጨው ዘፈነ። ይሄን በዕድሜዋ ስንት ጊዜ ሰምታለች፤ ግን አንድም ቀን ልብ አላለችውም። ብርሌው ያው ብርሌ ነው። የተለየው የተያዘበት ቦታ ነው።

ወንዙ ዳር ድንጋይዋ ምን ላይ ነበር የተኛችው? ሁለት ድንጋይ ላይ፣ ከጫፎቿ ገባ ብሎ። ባፈና እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ተነሳች። ገመዱን ከጫፍ ፈትታ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ አስገባችው፤ መታቻት፤ ትንሽ ተሻለ። ትንሽ አስገባችው፤ ተሻለ። ደግሞ አስገባችው፤ ያኔ ጽዱ ላይ ያሉት ወፎች ብር ብለው ተነሱ። አለፍ ስታደርገው መልሶ ታፈነ። እናናየሁ ሊጥ ባለበት እጇ ከጓዳ ወጣች። «አንዴ ድገሚው እስቲ» አለች።

መሪጌታ ሲነገራቸው መቋሚያቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ደብሩ ሄዱ። የደወሉን ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ከሁለቱም ጫፎች ገባ ብሎ፣ ጠፍሩ ዘመን ሙሉ ያሸው ሁለት የሚያብረቀርቁ፣ ለስላሳ መስመሮች አሉ። ሰንሰለቱ ግን ያለው ከዚያ ውጭ፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ነው። መሪጌታ ለገብረ ጻድቅ ነገሩት።

ገብረ ጻድቅ ተቆጣ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት ልትሉ ነው? አርባ ዓመት ያገለገልኩትን እኔን የጠጅ ቤት ሴት ታስተምረኝ?» አለና ጀርባውን ሰጣቸው። መሪጌታ ባፈናን አጽናኗት፤ «ግድ የለሽም፣ ለኅዳር ጽዮን በጠፍር ስንሰቅለው እኔ ራሴ ምልክቱ ላይ አስረዋለሁ። ይጮሃል፣ ነገሩም ያልቃል» አሏት። እሷም አመነች። ሁለቱም ሊታያቸው የሚገባው ነገር አልታያቸውም።

ኅዳር ጽዮን ደረሰ። ሕዝቡ ከየቀበሌው መጥቶ ግቢው ሞላ። ሰንሰለቱ ወረደ። ቁራጮቹን አንድ ዲያቆን አምጥቶ ሰው ሁሉ እያየ ባፈና ትከሻ ላይ አደረገላት፤ ከባድ ነበር፣ ጎንበስ አለች። መሪጌታ አዲሱን ጠፍር በአሮጌው ምልክት ላይ እየተጠነቀቁ አሰሩና ድንጋዩ ወደ ላይ ተሳበ። ዲያቆኑ መታው።

ደወሉ ጮኸ። እንደ ድሮው፣ ገደሉን ሞልቶ ማዶ ደርሶ ተመለሰ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሽማግሌዎች አነቡ። ከእልልታው መሃል የአልታየች ድምፅ ተሰማ። «አያችሁ? ሰንሰለቷ ገና ከመውረዱ ማርያም መለሰችልን።»

ያን ጊዜ ነው ለባፈና የታወቃት። ጠፍሩም ተለውጧል፣ ቦታውም ተለውጧል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለውጠዋል። ራሷ ጠጅ ስትጥል አድርጋው የማታውቀውን ስህተት ዛሬ ፈቅዳ አስደረገች፤ ደወሉ የጮኸው በእሷ ላይ ሊመሰክር ሆነ። ሕዝቡ እንዲህ ካመነ ዕድሜ ልኩን አይመለስም። እናቷ መቃብር ላይ ያለችው ዛፍ ከቆመችበት ይታያታል። መሪጌታም ገብቷቸው ፊታቸው አመድ መሰለ።

ወደ በሩ መሄድ ትችል ነበር። ሁሉም የጠበቀው እሱን ነው። እሷ ግን ሰንሰለቱን እንደተሸከመች ወደ ወይራው ሄደች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «ሰንሰለቱን ጠፍሩ አሁን ባለበት ቦታ ላይ እሰሩትና አንዴ ምቱት። ዝም ካለ ከዚህ ግቢ ወጥቼ አልመለስም። ቢጮህስ? ቢጮህ ምን ልትሉኝ ነው?»

የሚነካው ጠፋ። ዲያቆኑ ሸሸ፣ ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። በቃ፣ የድንጋዩ ድምፅ ተመልሷል፣ ማን ነው መልሶ የሚያናድደው? መሪጌታ መቋሚያቸውን ጥለው ሲንቀሳቀሱ ከኋላቸው አንድ ሰው አለፋቸው። ገብረ ጻድቅ ነው።

ቄሰ ገበዙ ሰንሰለቱን ከባፈና ትከሻ ላይ አነሳው። ድንጋዩን አስወረደ፣ ጠፍሩን ፈታ፣ ሰንሰለቱን ምልክቱ ላይ አሰረ፣ አሰቀለ። ጠጠሩን ራሱ ያዘ። መታው።

ደወሉ ጮኸ፤ ከመጀመሪያው ምንም አልተለየም። ሕዝቡ እልል አላለም። ገብረ ጻድቅ ግን አልበቃውም። ድንጋዩን አስወርዶ ሰንሰለቱን ወደ ጫፎቹ መለሰው፣ እንደ መስከረሙ ጥምጥም አደረገው። መታው። ጥፍ።

«እኔ ነኝ» አለ ገብረ ጻድቅ። ጮክ ብሎ ነው የተናገረው፤ ደግሞ እንዲናገር ማንም አልጠየቀውም። «ያሰርኩበት ቦታ ነው ያፈነው። ከመስከረም ጀምሮ ተኝቼ አላደርኩም። የቀደስኩበት እጅ ምን ነክቶ ይሆን እያልኩ ራሴን ስመረምር ከረምኩ። የማላስታውሰውን ኃጢአት ስፈልግ ከረምኩ። እሷ እንደ ጠየቀችው ድንጋዩን ልጠይቀው ግን ፈራሁ።» ወደ ባፈና ዞረና ራሱን ዝቅ አደረገላት። «ይቅር በይኝ፣ እህቴ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለች ባፈና፣ የሚባለው ይሄ ነውና። ከዚያ አለቀሰች፤ እንባዋን ለመደበቅም አልሞከረች።

ቅዳሴው ያን ቀን ዘገየ። ሰው ሁሉ ወይራው ሥር ተጋፍቶ እጁን ድንጋዩ ላይ ማድረግ ፈለገ። አንዱ እዚህ ይያዝ ይላል፣ ሌላው እዚያ፤ ዘርአ ዳዊት የሚባል ከለሚ የመጣ ነጋዴ ድንጋዩ ውስጡ ክፍት ይሆን እንዴ ብሎ ጆሮውን ለጠፈበት፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ይሄን ድንጋይ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ሊጮህ እንደሚችል በምን አወቀ በሚለው ተከራከሩ። መሪጌታ ደስ ብሏቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራሉ።

አልታየች ብቻ ራቅ ብላ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ድረስ አድርጋ ድንጋዩን ታየዋለች፣ መሬቱን ታየዋለች፣ ደግሞ ድንጋዩን ታየዋለች። ከዚያ ሰዉን እየገፋች ባፈና ፊት መጥታ ቆመች። አፏ ይቅርታ ሊል የነበረ ይመስላል፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ባፈና» አለች፣ አብረው ውሃ ከቀዱበት ዘመን ወዲህ በስሟ ጠርታት አታውቅም። «ከመሃል ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ ብናስረውስ? ይጮህ ይሆን?»

ባፈና ዓይኗን ጠረገች። «አላውቅም» አለች። «አልሞከርኩትም።»

«ታዲያ ምን ያስቆመናል?»

አልታየች አንዱን የሰንሰለት ቁራጭ ለመፍታት ያዘች፣ ባፈና ሌላውን። ሰዉም መንገድ ለቀቀላቸው።